ዜና ሀሞንድ ወሌስሊ

በአሜሪካ ሀገር፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ ኤቫንስተን በምትባል ከተማ በ1895 ሎረንስ ሀሞንድ ተወለደ፤ በዚህ ዜና ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ይህ ሰው መሐንዲስ እንጂ ሙዚቀኛ አልነበረም። በ1928 የሰዓት ፋብሪካ አቋቁሞ፣ የመብራቱን ሞገድ እየተከተለ በማይዛነፍ ፍጥነት የሚዞር ሞተር ያላቸውን ሰዓቶች ይሠራ ነበር። ከዚህም በኋላ ክፉ ዘመን መጣ፤ የኢኮኖሚው ድቀት ገበያውን አደረቀው። ሀሞንድም ለሞተሩ ሌላ ሥራ ፈለገለት።

ያገኘለትም ሥራ ኦርጋን ነው። ሞተሩ ጠርዛቸው እንደ ሞገድ የተቀረጸ የብረት ጎማዎችን ያሽከረክራል፤ እያንዳንዱ ጎማ ሽቦ በተጠመጠመበት ማግኔት ጫፍ ሲያልፍ አንድ ድምፅ ይወልዳል። በኋላ ስሙ በገነነው፣ ቢ3 በተባለው የሀሞንድ ኦርጋን ውስጥ እነዚህ ጎማዎች 91 ናቸው። ተጫዋቹ ዘጠኝ ዘንጎችን እየሳበና እየመለሰ፣ ወጥ እንደሚያጣፍጥ ሰው፣ ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ ይመጥናል። ሀሞንድ በሚያዝያ 1934 የባለቤትነት መብቱን አገኘ፤ በዓመቱም ኦርጋኑን በኒው ዮርክ ለሕዝብ አሳየ። ከቀዳሚዎቹ ገዢዎች መካከል ሄንሪ ፎርድና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ ገርሽዊን ይገኛሉ።

በ1936 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ይህ መሣሪያ ከቧንቧ ኦርጋን እኩል ነው ተብሎ መነገሩን ተቃውሞ ክስ አቀረበ። በማግስቱ ዓመት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሮክፌለር ጸሎት ቤት ሁለቱ ተፈተኑ። አድማጮቹ የትኛው እንደሚጫወት ሳይነገራቸው ይፈርዱ ነበር፤ ከባለሙያዎቹም መካከል የተሳሳቱ ነበሩ።

በዚያም ወራት በሎስ አንጀለስ ዶናልድ ሌስሊ የሚባል፣ ራዲዮ የሚጠግን ሰው ነበረ። በመደብር ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የሰማው የሀሞንድ ኦርጋን ልቡን ወሰደው። ገዝቶ ቤቱ ሲያስገባው ግን ድምፁ ደረቀበት፤ አዳራሹ የሰጠው ስፋት ጠባቡ ክፍል ውስጥ ጠፋ። ሌስሊም ድምፁ ራሱ እንዲዞር ለማድረግ ተነሣ፤ ብዙ ሞክሮም ተሳካለት።

የሠራው ቁም ሣጥን የሚመስል የእንጨት ሣጥን ነው። ከላይ ሁለት አፍ ያለው ጡሩንባ ቀጭኑን ድምፅ ይዞ ይሽከረከራል፤ አንደኛው አፍ ግን ሚዛን ለመጠበቅ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ድምፅ አያወጣም። ከታች ወፍራሙ ድምፅ በሚዞር ከበሮ ውስጥ ይወርዳል። ጡሩንባዋን እየነፋች የምታልፍ መኪና ስትቀርብ ድምጿ እንደሚቀጥን፣ ስትርቅም እንደሚወፍር፣ እዚህም ድምፁ ወደ ሰሚው እየመጣና እየሄደ ይንቀጠቀጣል። ፍጥነቱ ሁለት ነው፦ እንደ መዘምራን ኅብረት በዝግታ የሚወዛወዝና በፍጥነት የሚርገበገብ። ከሁሉ የሚያምረው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ጊዜ ነው፤ ከበሮው ከብዶት ሲዘገይ ጡሩንባው ቀድሞት ይሮጣል።

ሌስሊ ሣጥኑን ለሀሞንድ አቀረበ፤ ሀሞንድም አልፈልግም አለ። እንዲያውም ነጋዴዎቹ ይህን ሣጥን እንዳይሸጡ ከለከለ። ትልቅ ስሕተት ነበር፤ ሙዚቀኞቹ ኦርጋኑን ከአንዱ፣ ሣጥኑን ከሌላው እየገዙ ራሳቸው አጋቧቸው። በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ይህ ጥምረት የአምልኮው ድምፅ ሆነ፤ ኦርጋን ተጫዋቹ ጂሚ ስሚዝ ከ1956 ጀምሮ ብሉ ኖት በተባለው የሸክላ አሳታሚ ባሳተማቸው ሸክላዎች ኦርጋንን የጃዝ መሪ መሣሪያ አደረገው። የሀሞንድ መሐንዲሶች እንደ ጉድለት የቆጠሩትን፣ ቁልፉ ሲነካ የሚሰማውን ቀጭን ቅጭልታ እንኳ ተጫዋቾቹ ወደዱት።

ሀሞንድ በ1973 አረፈ። ሌስሊ ድርጅቱን በ1965 ሲቢኤስ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሸጦ ነበር፤ በ1980 የሀሞንድ ኩባንያ ከሲቢኤስ ገዛውና ሁለቱ ስሞች በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ሌስሊ ይህን አይቶ በ2004፣ በ93 ዓመቱ ሞተ።

አሮጌውን ኦርጋን በቤቱ ያኖረ ሰው አገልጋዩ ይሆናል። ሸክሙ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ጎማዎቹ እንዳይነክሱ በየዓመቱ ዘይት ይፈልጋሉ፤ የሣጥኑም ቺንጋ ሲላላ ይለወጣል። ለአሜሪካ የተሠራው ወደ አዲስ አበባ ቢመጣ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ፣ የእኛ 50 ጊዜ ይመላለሳልና፣ ቮልቱ በትራንስፎርመር ቢስተካከል እንኳ ሞተሩ ይዘገያል፤ ዜማው ሁሉ አንድ ድምፅ ተኩል ገደማ ይወርዳል። የሰዓት ሠሪው ሞተር የሀገሩን መብራት ይከተላል።

የኦርጋኑ ማብሪያ ሁለት ነው። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ይዞ ጎማዎቹ እስኪነሡ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይጨምራል፤ ጥቂት ቆይቶም የመጀመሪያውን ይለቃል። እጆቹ በሀሞንድ ቁልፎች ላይ ያርፋሉ። ዜማው ከፍ ሲል ግራ እጁ ለአንድ አፍታ ይነሣና፣ በኦርጋኑ ፊት በግራ በኩል በብሎን ወደ ተጣበቀች ግማሽ ጨረቃ መሰል የፍጥነት መቀየሪያ ይሄዳል፤ የሌስሊም ጡሩንባ መሮጥ ይጀምራል።