እንጦጦ ላይ የተመረገው ቤት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ወጋችን የቤት ወግ ነው። የጉርድ ሾላ ሰው ሆናችሁ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ የየካ ተራራ ይታያችኋል፤ ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ምዕራብ ብትነዱት ሰንሰለቱ ሳይበጠስ እንጦጦ ያደርሳችኋል። እዚያ ጫፍ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ደመና ወርዶ ከሚተኛበት፣ አዲስ አበባ ገና ሳትወለድ የነበረ የአንድ የጦር መሪና ንጉሥ ቤት አለ።

ዛሬ መንገዱ ቀሏል። ከጉርድ ሾላ በባቡሩም በታክሲውም መገናኛ ትደርሳላችሁ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም ሸማው በየደጁ የተሰቀለባትን ሽሮ ሜዳን አልፋችሁ ዳገቱን ትያያዙታላችሁ። መኪናው ሲያቃስት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ሲገባ ከተማዋ ከኋላችሁ ትዘረጋለች፣ ከዚያም እንጦጦ ማርያም ትደርሳላችሁ። እዚያ ወርዳችሁ፣ ቤተ ክርስቲያኗን ተሳልማችሁ፣ በድንጋይ ካብ ወደ ታጠረው ግቢ ትዘልቃላችሁ። ቤተ መንግሥት የሚለውን ስም ሰምቶ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ በር ላይ ቆም ይላል። ዕብነ በረድ የለም፣ የወርቅ ጉልላት የለም፤ ኖራ የተቀባ የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነው የሚጠብቀው።

እንግዲህ ንጉሥ ምኒልክ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው፣ በ1870ዎቹ አጋማሽ ሠራዊታቸውን ይዘው እዚህ ተራራ ላይ ሰፈሩ። ጥንት የአፄ ዳዊት ከተማ እዚሁ ነበረ እየተባለ ይተረክ ነበርና ልባቸው በዚያ ተማረከ። በዚያም ላይ ተራራ ነው፤ ጠላት ከየትም ቢመጣ ከሩቅ ይታያል፣ ለጦር ሰው ደግሞ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ድንኳኑ ተተከለ፣ ከድንኳኑም ቀጥሎ ቤት መሥራት ተጀመረ።

አሠራሩን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ የወጉ ልብ እዚህ ጋ ነውና። መጀመሪያ ጥዱ ይቆረጣል። ጥድ ጠንካራ እንጨት ነው፣ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፣ ቋሚ ሆኖ መሬት ውስጥ ሲገባ ዘመን ይሻገራል። ቋሚዎቹ ጎን ለጎን ይተከላሉ፣ ማገሩ በአግድም ይሄድባቸዋል፣ በልጥ እየተጠፈረ ይታሰራል፣ ልጡም ሲደርቅ ይበልጥ ይጠብቃል። ከዚያ ጭቃው ይመጣል። አፈሩ ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በእግር እየተረገጠ፣ እንደ እንጀራ ሊጥ ቀናት ይሰነብታል፤ ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና አዋቂ አይቸኩልም። ከዚያም መራጊው እጁን አርጥቦ፣ ጭቃውን በመዳፉ ጠፍጥፎ፣ በማገሩ መሃል ያስገባና በአውራ ጣቱ ጠርዙን ይጫነዋል፤ የቤቱ ጥንካሬ ከዚያች ጫና ነው የሚጀምረው። ሲደርቅ ይደገማል፣ ይለሰናል፣ በመጨረሻ ኖራ ይቀባል። ከላይ ወጋግራው ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ መሃል ይገናኛል፣ ሣሩም ከታች ወደ ላይ እየተነባበረ ይከደናል፤ ክፈፉ ከግድግዳው ርቆ መውጣት አለበት፣ አለዚያ የክረምቱ ዝናብ ምርጊቱን እያጠበ ያወርደዋል።

እንዲህ ነው የአገሬው ሰው ቤት የሚሠራው፤ የንጉሡም ቤት በዚሁ ጥበብ ተሠራ። ልዩነቱ በስፋቱ፣ በግድግዳው ውፍረትና በደርቡ ነው እንጂ በዕቃው አይደለም። እኔ ይኼን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ገበሬው ገብቶ ቀና ብሎ ቢያይ የጣራውን አከዳደን ያውቀዋል፣ የቋሚውን እንጨት ስም ይጠራል። ግቢው ውስጥ ንጉሡ የሚያርፉበት ቤት አለ፣ ግብር የሚበላበት አዳራሽም አለ፤ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ተቀምጠው ሥጋው ሲዞር፣ ጠጁ ሲቀዳ፣ ያ ወፍራም ጭቃ የውጪውን ብርድ ከደጅ አስቀርቶላቸዋል።

ከዚያማ ጥቅምት ደረሰ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያችው ስምንት ማዕዘን ባላት እንጦጦ ማርያም አቡነ ማቴዎስ ምኒልክን ንጉሠ ነገሥት ብለው ቀቧቸው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ጣይቱ ብጡል እቴጌ ተባሉ። ነገር ግን፣ አድማጮቼ፣ ዘውዱ ሲጫን ከተማው ወደ ታች መንሸራተት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ተራራው ይበርዳል፣ ነፋሱ አያሳርፍም፣ ክረምት ሲገባ መብረቁ ያስፈራል፣ ውሃው ከሩቅ ይቀዳል። ከሁሉም የከፋው ግን እንጨቱ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት በየማታው እሳት ያነዳል፣ በየወሩ ቤት ይሠራል፣ ጥዱ ደግሞ ለማደግ የሰው ዕድሜ ይፈልጋል፤ ተራራው ተራቆተ። እቴጌ በ1879 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ለሐረር ዘመቻ በሄዱበት ጊዜ፣ ፍል ውሃ ወርደው ሰነበቱ፣ ሙቀቱን ወደዱት፣ እዚያም ቤት ተሠራላቸው፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ በየጉብታው ሰፈሩ፤ ቀስ በቀስም እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያኑና ባዶው ግቢ ቀሩ።

ቤቱ ግን አልፈረሰም፣ እየታደሰ ዛሬ ደርሷል፣ ልብሰ መንግሥቱና ንዋያቱም ማርያም ደጅ ካለው ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል። እዚህ ላይ የሚያሳስበኝን ልበል። የጭቃ ቤት ሰው ከተለየው ጥቂት ክረምት ብቻ ነው የሚቆየው፤ ሣሩ በየጊዜው መቀየር፣ ምርጊቱ መዳበስ፣ ኖራው መታደስ ይሻል። በሲሚንቶ ቢለስኑት ደግሞ ጭቃው እርጥበቱን መተንፈሻ ያጣና ከውስጥ ይበሰብሳል። ጭቃ ማቡካት የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሁንም በየገጠሩ አሉ፤ በእጃቸው ያለውን ለወጣት ሳያወርሱ ቢያልፉ ያን ቤት ማን ይመርገዋል?

ታችኛው ከተማም ቢሆን ከዚያው ጣጣ አላመለጠም። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በአዲስ አበባ ዙሪያም እንጨት ጠፋ፣ አፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት አስጀመሩ፣ ድንጋዩ ተካበ፣ ሕዝቡም እንደገና ጓዙን ሊያነሣ ነው ተባለ። በዚህ መሃል ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በየጓሮው ተተክሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከጣራ በላይ ሄደ፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ በቀለ፣ የማገዶውና የማገሩ ነገር መፍትሔ አገኘ። ንጉሠ ነገሥቱም ሐሳባቸውን ለወጡ፣ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ መንግሥቱም እዚሁ አዲስ አበባ ረጋ።