ዳጣ ውስጥ ያለው ዝንጅብልና የጨረር ታሪክ

ወላይታ ሶዶ ገብቶ ቁርጥ በዳጣ ሳይበላ የወጣ ሰው ሶዶን አየሁ ቢል ማን ያምነዋል? ዳጣው ሲዘጋጅ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ አብረው ይፈጫሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ዝንጅብሉ፣ በጨረር ምርምር ታሪክ ውስጥም ስም አለው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከማድቤት ርቆ ነው። ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶም ቦምብ ከወደሙ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ሃርቬይ ፓትና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ ለአይጦች ሰጥተው ገዳይ መጠን ያለው ኤክስሬይ አሳረፉባቸው። ብዙዎቹ ተረፉ። ከጨረሩ በኋላ ሲሰጥ ግን ምንም አልፈየደም።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ሰውነት አብዛኛው ውሃ ነው። ጨረር ውሃውን ሲመታ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ነውጠኛ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነሱም ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ዲኤንኤን ይጎዳሉ። ተከላካዩ ቀድሞ ካልተገኘ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር ዋልተር ሪድ ተቋም ከ4000 በላይ ውህዶችን ሞከረ። ከዚያ ሁሉ ወደ ሕክምና የገባው ዋነኛው አሚፎስቲን ነው። እሱም ቢሆን ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ያወርዳል። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ዕፅዋት አዞሩ።

በዚህ ረገድ የሕንዷ ማኒፓል ከተማ ብዙ ሠርታለች። እዚያ በ2001 የወጣ ጥናት የሞሪንጋ ቅጠል ጭማቂ የአይጦችን መቅኔ ከጋማ ጨረር በከፊል እንደጠበቀ አሳየ። በ2003 ደግሞ ተራው የዝንጅብል ሆነ። ከጨረሩ በፊት ለአምስት ተከታታይ ቀናት የዝንጅብል ጭማቂ የተወጉ አይጦች ካልተወጉት በተሻለ ተረፉ። የጥበቃው መለኪያ 1.15 ነበር። ግማሾቹን ለመግደል የሚያስፈልገው የጨረር መጠን በ15 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ጥሩ ውጤት ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንደኛ፣ የተጠናው አይጥ ነው፣ መንገዱም መርፌ ነው፤ ሻይም ዳጣም አይደለም። ሁለተኛ፣ ማኒፓል የተጠናው ሞሪንጋ የሕንዱ ዝርያ ነው። ወላይታ፣ ጋሞና ኮንሶ ጓሮ የሚበቅለው የእኛው ሽፈራው ሌላ ዝርያ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የአንዱን ውጤት ለሌላው መስጠት አይቻልም።

ሦስተኛው ይብሳል። ለካንሰር ጨረር የሚሰጠው ዕጢውን ለመግደል ነው። የአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከሶዶ የሚሄድ ሕመምተኛ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ተራ ጠብቆ ነበር የሚደርሰው። ያን ሁሉ ለፍቶ ላገኘው ጨረር የተከማቸ የዕፅዋት ጭማቂ ወይም ዱቄት ቢወስድስ? ጤነኛውን ሴል የሚጠብቅ ነገር ዕጢውንም ሊጠብቅለት ይችላል። ወጥ ውስጥ የገባ ዝንጅብል ሌላ ነገር ነው፤ "ጨረር ይከላከላል" ተብሎ የሚሸጥን ግን ለሐኪም ሳይነግሩ መውሰድ አደጋ አለው።

ዝንጅብል ለወላይታ ገበሬ በዋናነት ገንዘብ ነው። ቦሎሶ ሶሬና ቦሎሶ ቦምቤ ላይ ልጅ ያስተማረ፣ ቤት ያሠራ ሰብል ነው። በ2012 ግን የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ገብቶ ማሳውን ጠራርጎ ወሰደው። ዝንጅብል የሚተከለው በራሱ ሥር ነውና፣ ጎረቤት ለጎረቤት ዘር ሲሰጥ በሽታውንም አብሮ ሰጠ።

እንግዲህ ምርምር ለዝንጅብል ይድረስ ከተባለ ሁለት ሥራ አለ። አንዱ የእኛን ሽፈራውና ዝንጅብል በራሳችን ቤተ ሙከራ መፈተሽ ነው። ሌላው ለቦሎሶ ገበሬ ንጹሕ ዘር ማድረስ ነው። ሁለተኛው ሳይሳካ የመጀመሪያው ብዙም አይራመድም፤ የሚፈተሸው ዝንጅብል መጀመሪያ መብቀል አለበት።