የሠላሳ ዶላሯ ቢት

ዛሬ የማወጋችሁ ሳይተያዩ በአንዲት ወረቀት ስለተሳሰሩ ሁለት ልጆች ነው።

አንደኛው ከአምስተርዳም ወደ ሰሜን ከምትገኝ ፑርመረንድ ከምትባል የሆላንድ ከተማ ነው፤ ያንግኪዮ ይሉታል። በ2018፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ዩቲዩብ ሲያገላብጥ ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለው ቡድን ከ10 ዓመት በፊት ያወጣው፣ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ገጠመው። ክር ነካ ነካ የሚደረግበት፣ ትካዜ ያለው ዜማ ነው። ልጁ ቡድኑን አያውቀውም፤ ጆሮው ግን ወደደው፤ ወደደውና ቆረጠው፤ ቆረጠውና ከበሮና ቤዝ አለበሰው፤ ዘፋኝ የሚዘፍንባት ቢት የሚሏት ሙዚቃ አደረገው፤ ከዚያም ቢትስታርስ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ አቀረባት፤ ከዚያም ወደ ሌላ ሥራው ዞረ።

ሁለተኛው ልጅ ከውቅያኖስ ማዶ፣ አትላንታ አካባቢ ነው። ኮሌጁን አቋርጦ፣ እህቱ ቤት ወለል ላይ እያደረ፣ ዘፈን ያነሳኛል ብሎ ተስፋውን ሁሉ እዚያ ላይ ጥሎ ነበር። ሊል ናስ ኤክስ ነው። ቢት ሲፈልግ ያቺን የያንግኪዮን አገኛት፤ ሰማት፤ ደግሞም ሰማትና 30 ዶላር ከፈለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። 30 ዶላር ኪራይ ነው እንጂ ግዢ አይደለም። ቢት የተከራየ ራፐር ዘፍኖበት ማውጣት ይችላል፤ ስንት ጊዜ እስኪደመጥና ስንት ዓመት እንደሆነ ግን ውሉ ይወስነዋል። ቢቷ የሠሪዋ ናት፤ ነገ ለሌላ አሥር ሰው ያከራያታል። ኤክስክሉሲቭ የሚሉት ሌላ ነው፤ ዋጋው በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ዶላር ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ቢቷ ለማንም አትሸጥም። ነገር ግን ቀድመው የተከራዩት ውላቸው እስኪያልቅ አብረውህ ይዘፍኑባታል፤ የቅጂ መብቱም ቢሆን ወረቀቱ በግልጽ ካልጻፈው አይሻገርም። ስንቱ ልጅ ያጠራቀመውን ሁሉ ከፍሎ ይህን ሳያነብ ይፈርማል! እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በኪራይ ቢት የሠራውም ዘፈኑን የኔ ብቻ ነው ብሎ በዩቲዩብ የድምፅ መለያ ካስመዘገበ፣ በዚያችው ቢት የሠሩትን ሌሎች ተከራዮች መክሰሱ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ሳያውቅ።

ታዲያ ባዶ ኪስ ያለው ልጅ ምን ያድርግ? ይከራይ እላለሁ። ሊል ናስ ኤክስ ኤክስክሉሲቭ እስክገዛ ልጠብቅ ቢል ኖሮ ዘፈኑ እዚያው ወለል ላይ ይቀር ነበር። ግን ከመክፈሉ በፊት፣ ቢቷ ውስጥ የሌላ ሰው ሙዚቃ አለባት ወይ፣ ከኔ በፊትስ ማን ተከራያት ብሎ ይጠይቅ። ዘፈኑ እግር ሲያወጣ ደግሞ ገደቡ ሳይሞላ ወደ ባለቤቷ ይመለስ።

ወደ ወጋችን እንመለስ። ሊል ናስ ኤክስ በዚያች ቢት የሠራው ኦልድ ታውን ሮድ የተባለው ዘፈን በታኅሣሥ 2018 መጀመሪያ ወጣ፤ ከዚያም ቲክቶክ ላይ ልጆች ባርኔጣ እየደፉ ጨፈሩበት፤ ከዚያም በመጋቢት ኮሎምቢያ ሪከርድስ ልጁን አስፈረመ፤ ከዚያም በሚያዝያ በአሜሪካው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ ሆት 100 አናት ላይ ወጥቶ 19 ሳምንት ሳይወርድ ተቀመጠ፤ እስከዚያ ማንም ያልደረሰበት ነበር። ያንግኪዮም አንድ ቀን ስልኩን ሲያገላብጥ ሰው የሚጨፍርበትን ቪዲዮ ከፈተ፤ የሚሰማው የገዛ ቢቱ ነው።

ያቺ የኪራይ ወረቀት ባለቤትነቱን ስላልወሰደችበት የልጁ ድርሻ አልጠፋም። የክሩ ዜማ ጉዳይ ግን ገና አልተፈታም ነበር። ናይን ኢንች ኔይልስ ያንን ሥራ ሲለቁት ለንግድ አይዋል ብለው ነው፤ 30 ዶላሩ ይህን አይፈታም፤ ኤክስክሉሲቭም ቢሆን አይፈታውም፤ ሠሪው የሌለውን መብት ከየት አምጥቶ ይሸጣል? ዘፈኑ ከገነነ በኋላ ሰዎቹ ተጠየቁ፤ እነሱም ፈቀዱ። ዛሬ የዘፈኑን ደራሲዎች ብታዩ ሊል ናስ ኤክስ በእውነተኛ ስሙ አለ፤ የናይን ኢንች ኔይልሶቹ ትሬንት ሬዝኖርና አቲከስ ሮስ አሉ፤ ያ ቡድኑን የማያውቀው የፑርመረንድ ልጅም እዚያው መስመር ላይ፣ አጠገባቸው አለ።