ከደብዳቤው የቀደመ ፊርማ

በኢሜይል ግርጌ በራሱ የሚመጣው ስም፣ የሥራ መደብና ስልክ ቁጥር በቢሮ ሶፍትዌሮች ቅንብር ውስጥ ነባሪ ፊርማ ይባላል። ሠራተኛው አንድ ቀን ይጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ ለአለቃም ለደንበኛም በሚልከው መልእክት ሁሉ ሥር ሳይጠራ ይገኛል። በወረቀት ደብዳቤ ፊርማ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ተነብቦና ታርሞ ሲያበቃ ብዕር ይነሣል። ነባሪ ፊርማ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል፦ ደብዳቤው ገና ሳይታሰብ ፊርማው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

የኢሜይል ጀማሪዎች ፊርማ ያስፈልጋል ብለው የሚያስቡበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ በአንድ ክፍል ከነበሩ ሁለት ኮምፒውተሮች ከአንዱ ወደ ሌላው መልእክት ሲልክ፣ የሰውየውን ስም ከማሽኑ ስም የሚለየውን የ«አት» ምልክት መርጦ ነበር። ላኪው ማን እንደሆነ ማሽኑ ራሱ በራስጌው ላይ ይጽፋል። ላኪውና ተቀባዩ የሚተዋወቁ ከሆነ ደግሞ ሌላ መታወቂያ አያሻም።

ችግሩ የመጣው መልእክቱ ከማያውቁት ሰው ዘንድ መድረስ ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተጠንስሶ በማግሥቱ ዓመት ሥራ የጀመረው ዩዝኔት የተሰኘው መረብ መልእክትን በስልክ መስመር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እያቀባበለ ያደርስ ነበር። አድራሻም እንደ ዛሬው አጭር አልነበረም፤ መልእክቱ የሚያልፍባቸው ማሽኖች ስም በቃለ አጋኖ እየተለያየ ተራ በተራ የሚጻፍበት የመንገድ ምሪት ነበር። መንገዱ ደግሞ እንደ ተቀባዩ ቦታ ይለያያል፤ ራስጌው ላይ የታተመውን ተከትሎ የተላከ መልስ ብዙ ጊዜ መንገድ ይስታል። ስለዚህ ጸሐፊው ከጽሑፉ በታች ስሙን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ ከታወቀ ማሽን ተነሥቶ እርሱ ዘንድ የሚያደርሰውን መንገድና ስልኩን ማኖር ያዘ። በየጊዜው መጻፉ ሲያሰለች ይህን ሁሉ በአንዲት ፋይል አስቀመጠው። የፋይሏ ስም በነጥብ ይጀምራል፤ በዩኒክስ ሥርዓት በነጥብ የሚጀምር ፋይል በተራ ዝርዝር ውስጥ አይታይም። ፕሮግራሙ ግን ያውቃታል፤ መልእክት በተላከ ቁጥር ከሥሩ ይለጥፋታል። ነባሪ ፊርማ የተወለደው እዚህ ነው፤ የተወለደውም ከባለቤቱ ዓይን ተሰውሮ ነው።

ፊርማው ወዲያው መወፈር ጀመረ። ጥቅስና በሥርዓተ ነጥብ የተሠራ ሥዕል ገባበት፤ አንድ መስመር መልስ የአሥር መስመር ፊርማ ይሸከም ጀመር። የስልክ መስመሩ ዘገምተኛ፣ ክፍያውም በደቂቃ ነበርና ይህ የሰው ገንዘብ ማባከን ነበር። ከዚህ የተነሣ ፊርማ ከ4 መስመር እንዳይበልጥ ልማድ ተተከለ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያም ይህንኑ መከረ። ሁለተኛው ልማድ ይበልጥ ረቂቅ ነው፦ ከፊርማው በላይ ባለ መስመር ሁለት አጫጭር ሰረዞችና አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ይቀመጣሉ። ይህን ያየ ፕሮግራም ከዚያ በታች ያለው ፊርማ መሆኑን ያውቃል፤ መልስ ሲሰጥም ቆርጦ ሊጥለው ይችላል። የማትታየዋ ክፍት ቦታ ከጠፋች ግን ምልክቱ አይሠራም። የዛሬ የቢሮ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ይህን ብልሃት አልወረሱትም፤ በረጅም የመልስ ልውውጥ ውስጥ አንድ አድራሻ ደጋግሞ ተከምሮ የሚታየውም በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው ሆትሜይል በደንበኞቹ ደብዳቤ ሥር ነጻ ኢሜይል የሚጋብዝ የራሱን ማስታወቂያ አሰፈረ። በዓመት ተኩል ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አፈራ። የደብዳቤው ግርጌ ከጸሐፊው ሌላ ባለቤት ሊኖረው እንደሚችል ያኔ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አይፎንም ከስልኩ መላኩን የሚናገር መስመር ከፋብሪካው ይዞ መጣ።

በቢሮ ውስጥ ፊርማው በሠራተኛው እጅ ብዙ አልቆየም። ማይክሮሶፍት አውትሉክ ለአዲስ መልእክት አንድ፣ ለመልስ ሌላ ነባሪ ፊርማ ያስመርጣል፤ የጻፉትንም በየኮምፒውተሩ ላይ በሦስት ዓይነት ፋይል ሲያስቀምጥ ኖሯል። ሠራተኛው ኮምፒውተር ሲቀይር ፊርማው ይቀርበት ነበር፤ አንዱ የድሮ ስልክ፣ ሌላው የተሻረ ማዕረግ ይዞ ይጽፋል። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው መመሪያ ነገሩን ከልማድ ወደ ግዴታ አሻገረው። በብሪታንያና በጀርመን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2007 ጀምሮ የኩባንያ የንግድ ኢሜይል እንደ ወረቀት ደብዳቤ የኩባንያውን ስም፣ የምዝገባ ቁጥርና መቀመጫ እንዲይዝ ተደነገገ። መሥሪያ ቤቶችም ግርጌውን ከሠራተኛው ወስደው በማዕከላዊው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥን መረጡ፤ መልእክቱ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ ሰርቨሩ ይለጥፈዋል።

የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት የወረቀት ደብዳቤ የፊርማን ሥራ ለሦስት ያከፋፍላል። «ከሰላምታ ጋር» ከሚለው በታች የኃላፊው የእጅ ፊርማ፣ ስሙንና ማዕረጉን የያዘው ቲተር፣ የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም ይገኛሉ። ነባሪ ፊርማን የሚመስለው ቲተሩ ነው፤ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ሺህ ጊዜ ይመታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ ለሚደረግ ውል የጠየቀው ግን የእጅ ፊርማን ነበር፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 የመጣው በ2010 ዓ.ም. ነው።

በራሱ የሚለጠፍ ስም ሰውን ያስራል ወይ የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታየ የዋስትና ክርክር፣ ሥርዓቱ በራስጌው ላይ ያሰፈረው የኢሜይል አድራሻ ብቻውን ፊርማ አይሆንም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በማንቸስተር የታየው ጉዳይ በዊንደርሚር ሐይቅ ዳር ባለ መሬት ላይ ነበር። የሻጭ ወገን ጠበቃ የሽያጩን ስምምነት በኢሜይል ጽፎ በምስጋና ቋጨው፤ ስሙንና ማዕረጉን ያስገባው ግን አውትሉክ ነበር። የመሬት ሽያጭ ውል መፈረም አለበት፣ ይህ ደግሞ አልተፈረመም የሚል ክርክር ተነሣ። ዳኛው አልተቀበሉትም። ግርጌው በራሱ ቢመጣም በቅንብሩ ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ነው፤ ጠበቃው ስሙ እንደሚከተል እያወቀ ምስጋናውን ከበላዩ ጻፈ፤ ተቀባዩም በእጅ የተተየበውን በራሱ ከመጣው የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ስሙ ፊርማ ነው፣ ውሉም የጸና ነው ተብሎ ተፈረደ።