የአንደኛ ደረጃ ትምህርትና የመሬት ግብር በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች

የገጠር አውራጃን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሌላው ጋር ለማነጻጸር የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ የሚቈጥረው ተማሪን፣ መምህርንና የመማሪያ ክፍልን ነው። በምሥራቅ ጎጃም ለነበሩት ለቢቸናና ለሞጣ አውራጃዎች ግን ይህ ቈጠራ ብቻውን አይበቃም፤ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከየት ይመጣ እንደ ነበር መመርመር ያስፈልጋል።

በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ፣ ከመሬት የሚሰበሰበው ገንዘብ በዚያው በጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ደነገገ። ስለዚህ መሬቱ ተለክቶ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በተመደበበት አገር የትምህርቱ ገቢ ሲዳብር፣ ርስቱ ሳይለካ በቀረበት በጎጃም አነስተኛ ሆነ። የጎጃም ገበሬ ቀላድን የሚፈራው ርስቴን ያሳጣኛል ብሎ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜም ዐመፁ ከበረታባቸው አውራጃዎች ዋነኞቹ ሞጣና ቢቸና ነበሩ።

ከዚህ ተነሥቶ ሕዝቡ ትምህርት ይጠላል ማለት ግን ስሕተት ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም የሚገኙት በዚሁ አገር ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ ሲመግብ የኖረውም ይኸው ገበሬ ነው። ያንን በፈቃዱ ሰጠ፤ ፍሬውንም በደብሩ አየ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ አልራቀም፤ ግብር ከፋዩ የሚኖረው በገጠር ነበር።

እንግዲህ ንጽጽሩ የተማሪውን ቍጥር ከመመዝገቡ ጋር፣ የከፋዩ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ደጅ መድረስ አለመድረሱንም መጠየቅ ይኖርበታል።