ቆጣሪ ገባ፣ ኪራይ ጨመረ

ኮምቦልቻ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ግቢው ውስጥ አምስት ክፍል፣ አንድ ቆጣሪ። የመብራት ታሪፍ ከፍጆታ ጋር እያደገ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ለብቻው ቢቆጠርለት ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት የማያልፍ ላጤ፣ ከአራት ጎረቤት ጋር ተደምሮ በውዱ እርከን ይከፍላል። ምጣድ ማሰብማ ክልክል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አከራዬ ለየክፍሉ ቆጣሪ አስገብተው ኮርኒስ ሲያስመቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ ግን ወር አልሞላም። «ልጄ፣ ቤቱ እኮ ተሻሽሏል» አሉኝ። በመብራት ያተረፍኩትን በኪራይ መለስኩት፤ ከነወለዱ!

የኪራይ ጣጣ በእኛ አልተጀመረም። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ተከራዩ እፎይ አለ። ይሁን እንጂ ቀበሌ የሚሰበስበው ኪራይ ጣሪያ ለማስጠገን እንኳ አይበቃም ነበር። ጭቃው ተሸረሸረ፣ ቆርቆሮው ዛገ። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ልጠግን ቢል ደግሞ የቀበሌ ፈቃድ መለመን ነበረበት። ኪራይን ማሰር ብቻውን ቤት አያድስም የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። የሚረሱት፣ ያ ቅናሽ ስንቱን ድሃ መሃል ከተማ ላይ እንዳቆየው ነው።

ሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ኮምቦልቻ ክፍል የሚፈልግ ወጣት ሠራተኛ በዛባት። መጋቢት 24 ቀን 2016 ደግሞ ምክር ቤቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ፦ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ያልበለጠ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን። መልካም። ግን በቃል ተስማምቶ የገባ ተከራይ ምን ይዞ ይከራከራል?

እኔ የምለው፣ አከራይም ያወጣውን ያግኝ፤ በሒሳብ ግን ይሁን። ጀርመኖች ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ያሻሻለ አከራይ በዓመት የወጪውን 8 በመቶ ብቻ ኪራይ ላይ እንዲጨምር ይፈቅዳሉ። ተራ ጥገና አይቆጠርለትም። በእኛ ብር እናስላው፦ ለአንድ ክፍል ቆጣሪና ኮርኒስ 30 ሺህ ብር ያወጣ በዓመት 2,400፣ በወር 200 ብር ይጨምራል ማለት ነው።

የእኔ አከራይ በወር የጨመሩት 800 ብር ነበር።