ከጉጠት እስከ ሞርሳ፤ በይፋት ቆላ ስለ ባለ እጅ መያዣ መሣሪያ

ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጦርና ስለ ጋሻ፣ ስለ መድፍና ስለ ጠብመንጃ ብዙ ጽፈዋል። እነዚህ ሁሉ ሲሠሩና ሲጠገኑ ብረቱ በምን ተይዞ እንደ ነበረ የሚያወሳ ገጽ ግን ጥቂት ነው። መዶሻ የሚመታውን፣ ሞረድ የሚፍቀውን ብረት አጥብቆ የሚይዝ ነገር ከሌለ የባለ እጅ ጥበብ ምንም ያህል ቢበዛ ሥራው አይቀናም። ስለዚህ የመያዣ መሣሪያ ታሪክ ከብረት ሥራ ታሪክ ሁሉ የተሸሸገ፣ ነገር ግን ሊናቅ የማይገባ ክፍል ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው ነገር ሲያዩት ትንሽ ነው። የዓሣ መንጠቆውን ራሱ ሊያዘጋጅ የሚፈልግ ሰው፣ ማለት በመንጠቆው አንገት ላይ የእርሳስ ራስ አፍስሶ፣ በዘንጉ ላይ ላባና ጠጕር በክር ጠምጥሞ የሚያስር ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ «የትኛውን ሞርሳ ልምረጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የጨዋታ ይመስላል። ሆኖም «ሞርሳ» የሚለውን ቃል ከወዴት አገኘነው? ከእርሱ በፊትስ ባለ እጁ በምን ይይዝ ነበር? ብለን ብንከተለው ከአንድ ትልቅ ጉዳይ ያደርሰናል። ይኸውም የእጅ ሥራ በአገራችን የነበረው ማዕርግ ነው።

ምርመራችንን በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ላይ አድርገናል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የደብረ ሲናና የአንኮበር ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ በስተ ምሥራቅ ቆላው እየተዘረጋ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሮቢና ጀወሃ የተባሉት ወንዞችም ውኃቸውን የሚልኩት ወደዚያው ነው። ደገኛው አማራ፣ ነጋዴውና ሸማኔው አርጎባ፣ ኦሮሞው፣ ከብት አርቢው አፋር በዚህ ዳገትና ቆላ ገበያዎች ሲገናኙ ኖረዋል። እንዲህ ያለ የድንበር አገር የመሣሪያን ታሪክ ለመመርመር ይመቻል፤ መሣሪያ ከሸቀጥ ጋራ ይጓዛልና።

ብረት በዚህ አካባቢ የነበረውን ዋጋ ከጥንት ምስክር እንጀምር። በ14ኛው ምዕት ዓመት አል ዑመሪ የተባለው የዓረብ ጸሐፊ ስለ ይፋትና ስለ ጎረቤቶቿ ግዛቶች ሲጽፍ፣ በይፋት ገበያ የግብጽ ዲናርና ድርሃም እንደሚሠራበት፣ በጎረቤቷ በደዋሮ ግን «ሐኩና» የሚባሉ መርፌ የሚያህሉ የብረት ቍራጮች እንደ ገንዘብ እንደሚቈጠሩ ተናግሯል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከ13ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በገዛበት፣ ዐፄ ዐምደ ጽዮንም በ1332 እ.ኤ.አ. በዘመቱበት ምድር አቅራቢያ፣ ቀጥቃጭ የሠራው ቀጭን ብረት ላምና በግ ይገዛ ነበር ማለት ነው። ያን የሚያህል ቀጭን ብረት ከእሳት አውጥቶ ለመቀጥቀጥ ጣት አይበቃም፤ የሚይዝ መሣሪያ ግድ ነው።

ያ መሣሪያ ጉጠት ነው። የአገራችን ቀጥቃጭ የሥራ ቦታ ለማንም የታወቀ ነው። ሰውዬው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በፊቱ የከሰል ምድጃ፣ በአጠገቡ መስፍ አለ፤ ልጁ ወይም ረዳቱ ሁለቱን የቆዳ ወናፎች እያፈራረቀ ይነፋል። ቀጥቃጩ በግራ እጁ በጉጠት የጋለውን ብረት ይዞ በቀኙ በመዶሻ ይመታል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ጉጠት የሚይዘው እጅ እስከ ጨበጠው ድረስ ብቻ ነው። እጁ ቢላላ ብረቱ ያመልጣል። ስለዚህ ከሁለቱ የሰው እጆች አንዱ ዘወትር ለመያዝ ታስሯል። ማረሻ፣ ማጭድ፣ የጦር ጫፍ፣ የአፋር ጊሌ በዚህ ዓይነት መሥራት ይቻላል፤ እነዚህ በግለት በመዶሻ የሚወጡ ናቸውና። ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በሁለት እጅ በሞረድ የሚፋቅ፣ የሚበሳ፣ ጥርስ የሚወጣለት ሥራ ግን ሦስተኛ እጅ ይፈልጋል። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደሚባለው ነው። ይህን ሦስተኛ እጅ ባለ እጁ ከእግሩ ጣትና ከጉልበቱ፣ ከእንጨት ስንጥቅና ከሽብልቅ፣ ወይም ከረዳቱ ይበደር ነበር።

የባለ እጁ ስምም ራሱ ታሪክ ነው። «ጠቢብ» በግዕዝ ብልህና አዋቂ ማለት ሲሆን «ጠይብ» በሚለው መልኩ ስድብ ሆነ። ቀጥቃጩ ቡዳ ነው እየተባለ ተፈራ፤ በጋብቻም በርስትም ተለየ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ የቈየው ሻለቃ ሃሪስ በአንኮበር አጠገብ በጫካ ውስጥ ስለሚኖሩ ጠቢባን ጽፏል፤ ሕዝቡ ጥበባቸውን ይፈልገዋል፤ እነርሱን ግን ይሸሻቸዋል። «ባለ እጅ» የሚለው የአክብሮት መጠሪያ ከዚህ ስድብ አጠገብ መኖሩ ያስደንቃል፤ ሰውን በእጁ የጠራ ቋንቋ እጁን አልናቀም ነበርና። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ መከልከላቸው የነቀፌታውን ጥልቀት ያሳያል። ዐዋጁ የወጣው ስድቡ ስለ ነበረ ነው፤ ዐዋጅ ስለ ወጣም ስድቡ ወዲያው አልጠፋም።

ሦስተኛው እጅ በብርቱ የተፈለገው በጠብመንጃ ዘመን ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. በሸዋ ሲነግሡ ከታጁራ የሚነሣው የሲራራ መንገድ በይፋት ቆላ አልፎ ወደ ዓልዩ አምባ ገበያ፣ ከዚያም ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ሃሪስም ያመጣቸው ጠብመንጃዎችና መድፎች በዚሁ ዳገት ተጭነው ወጥተዋል። ጠብመንጃ እንደ ጦር አይደለም። የባልጩቱ መምቻ በብሎን የተያያዘ ነው፤ ብርቱው ሞላው ካልተጨመቀ አይወጣም፣ አይገባምም። ይህን በጉጠት የሚሞክር ሰው ወይ ሞላውን ይሰብራል፣ ወይ ጣቱን ይቈርጣል። ስለዚህ በቤተ መንግሥት ጠብመንጃ የሚጠግን ሁሉ በብሎን የሚጠብቅ መያዣ አስፈልጎታል ብሎ መፍረድ ይገባል። በአውሮፓም ይህ መሣሪያ በ16ኛው ምዕት ዓመት የተስፋፋው ከጠብመንጃና ከቍልፍ ሠሪዎች ጋራ ነው።

በጉጠትና በብሎን መያዣ መካከል ያለውን ልዩነት በቍጥር ማስረዳት ይቻላል። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው እጀታ አንድ ዙር ሲዞር እጃችን 125 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የብሎኑ ጥርስ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ መንጋጋው የሚቀርበው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ የእጃችን ኀይል ከ300 እጥፍ በላይ በሆነ ነበር። በእውነቱ ከዚህ ብዙው በሰበቃ ይበላል፤ ነገር ግን ሰበቃው ራሱ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። እጀታውን ብንለቀው እንኳ ብሎኑ ወደ ኋላ አይመለስም። ጉጠት የሰውን ጉልበት በየደቂቃው ይከፈላል፤ ብሎን ግን አንድ ጊዜ ተከፍሎት እስኪፈታ ድረስ ይይዛል። ሁለቱም እጆች ነጻ የወጡት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ጉጠት፣ መዶሻ፣ ወናፍ፣ መስፍ፣ ሞረድ ከባለ እጁ ጋራ የኖሩ ቃላት ናቸው። ሞርሳ ግን ጣልያንኛ ነው። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትራፓኖ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ ባሌስትራም እንደዚሁ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣልያኖች የአዲስ አበባ - ደሴን መንገድ ሲሠሩና ጣርማ በርን በዋሻ ሲያሳልፉ የይፋት ቆላ የከባድ መኪና መተላለፊያ ሆነ። ከመኪናው ጋራ ጋራዡ፣ ከጋራዡም ጋራ የሥራ ጠረጴዛውና በላዩ የታሰረው ሞርሳ መጡ። መንገዱ ብረትንም ራሱን አመጣ፤ የተሰበረ ባሌስትራ ለቢላዋና ለማረሻ የሚሆን ጥሩ ብረት ነውና።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ቃሉ ጣልያንኛ ከሆነ መሣሪያውም ከጣልያን በፊት አልነበረም ማለት ነውን? አይደለም። ከላይ እንዳየነው ጠብመንጃ በአንኮበር ሳለ ያለ ብሎን መያዣ ሊጠገን አይችልም። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ባሠሩት የመድፍ ሥራም የአውሮፓ ባለ እጆች ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሠርተዋል። ታዲያ የቀድሞው ስም ስለ ምን ቀረ? የእኛ መልስ እንዲህ ነው። መሣሪያው በጥቂት ሰዎች እጅ፣ በነገሥታት ግቢ ውስጥ ብቻ ሳለ ሕዝቡ የሚጠራበት ምክንያት አልነበረውም። ስም የሚጸናው በገበያና በመንገድ ነው። ጋራዡ ሞርሳውን በሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ሲያቆመው ስሙም በዚያው ጸና። እንግዲህ የቃሉ ባዕድነት የሚመሰክረው መሣሪያው መቼ እንደ መጣ ሳይሆን መቼ የሕዝብ እንደ ሆነ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ሞርሳ የሚታሰረው በጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ሠራተኛው ቆሞ ይሠራል። መሬት ተቀምጦ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው «ጠይብ» ሲባል፣ ያንኑ ብረት በሞርሳ ፊት ቆሞ የሚሞርደው ሰው «መካኒክ» ተባለ፤ መካኒክን ቡዳ ነው ያለ አልተሰማም። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሙያ ትምህርት ቤትም ተግባረ እድ፣ ማለት የእጅ ሥራ ተባለ። ብረቱ አንድ፣ እሳቱ አንድ፣ እጁም አንድ ሲሆን ክብሩ ተለየ። ለዘመናት በሰውዬው ደም ላይ ተጽፎ የነበረው ነውር፣ በእውነቱ በተቀመጠበት መሬትና በአባቱ ስም ላይ የተጻፈ እንደ ነበረ ይህ ይገልጠዋል።

አሁን መንጠቆውን እናንሣ። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት መቃጥን ይሉታል፤ መንጠቆ የሚለው ደግሞ «ነጠቀ» ከሚለው ግስ የወጣ የሕዝብ ቃል ነው። በአዋሽና በገባሮቹ አምባዛና ቆሮሶ ይገኛሉ። በአገራችን ዓሣ ከሚጠመድባቸው የጥንት ዘዴዎች አንዱ የብርብራን ፍሬ ፈጭቶ በውኃ ላይ በመበተን ዓሣውን ማስከር ነው፤ ይህ ብረት አይፈልግም። መንጠቆ ግን የቀጥቃጭ ሥራ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1496 እ.ኤ.አ. የታተመ ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚናገር መጽሐፍ መንጠቆ ከልብስ ሰፊ መርፌ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። መርፌው በከሰል እሳት ይለሰልሳል፤ ጕጠኛው በቢላዋ ይነሣል፤ ይቀለበሳል፤ እንደ ገና ግሎ በውኃ ይጠነክራል። ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጋራም መዶሻ፣ ሞረድ፣ ጉጠትና መያዣ ተቈጥረዋል። ስለዚህ የመንጠቆና የመያዣ ወዳጅነት ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የቈየ ነው። ላባውን በመንጠቆ ላይ የሚያስሩ ሰዎች ግን እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት ድረስ አብዛኞቹ መንጠቆውን በጣታቸው ይዘው ነበር። በአገራችንም ከኬንያ የመጣ ትራውት የተባለ ዓሣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች ወንዞች ከተጨመረ ወዲህ እንዲህ ያለ የታሰረ መንጠቆ ይሠራበታል።

ታዲያ ሞርሳ የሚመርጥ ሰው ምን ይመልከት? ከታሪኩ የሚወጣው ምክር ይህ ነው። መጀመሪያ፣ መንጋጋው ከመንጠቆው ይልቅ የጠነከረ ብረት ይሁን፤ መንጠቆ የጠጠረ ብረት ስለሆነ ለስላሳ መንጋጋን ይቈፍራል። ሁለተኛ፣ የሚይዘው መንጠቆው ከተቀለበሰበት ላይ ይሁን፤ ጫፉን ቢነክስ ጫፉ ይዶለዱማል ወይም ይሰበራል። ሦስተኛ፣ ባለ እርሳስ ራስ መንጠቆ አንገቱ የታጠፈ ስለሆነ፣ መንጋጋው ሾጠጥ ብሎ ክሩን ለሚያዞረው እጅ ስፍራ ይተው። አራተኛ፣ በብሎን የሚጠብቀው ለወፍራሙም ለቀጭኑም ይስማማል፤ በእጀታ ብቻ የሚቈለፈው ፈጣን ነው፣ ነገር ግን የመንጠቆው ውፍረት በተለወጠ ቍጥር መስተካከል አለበት። የጋራዥ ሞርሳ ለዚህ ሥራ እጅግ ትልቅ ነው። የአገር ቀጥቃጭ ግን አፉ የቀጠነ ትንሽ ጉጠት ሠርቶ፣ በሁለቱ እጀታዎች ላይ የሚንሸራተት የብረት ቀለበት ቢያገባለት፣ ቀለበቱ ወደ ኋላ ሲገፋ ጉጠቱ ራሱን ችሎ ይይዛል። ይህን ከእንጨት ጋራ ያሰረ ሰው ሞርሳ አገኘ። እርሳሱን የሚያቀልጥ ሰው ግን ጢሱ መርዝ መሆኑን አይርሳ፤ ከቤት ውጭ ይሥራ።

በዚህ ጽሑፍ ያየነው ጉጠት በቀለበት፣ ቀለበት በብሎን እየተተካ የሰው እጅ ከመያዝ ነጻ እንደ ወጣ ነው። ተማሪዎቻችን የይፋትን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ሲቈጥሩ፣ በሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ያለውን የቀጥቃጭ ምድጃና የጋራዥ ጠረጴዛም ቢመዘግቡ፣ የመሣሪያውን ስም፣ መጠንና አያያዝ ከባለ እጁ አፍ ቢጽፉ መልካም ነው። ባለ እጁን ሲጠይቁም በአክብሮት ይጠይቁት፤ እርሱ መምህር፣ እነርሱ ደቀ መዛሙርት ናቸውና።